ከባንኮኒው ስር ያለው ሽጉጥ የማን ነው?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው ወዳጅ አለኝ። ሲጋራ፣ ሎተሪ፣ ወተት፣ ቺፕስ ይሸጣል። በሩ አጠገብ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ይደረደራል። ባለፈው ዓመት ብርዱ በጠናበት ሰሞን አንድ ማታ እንጀራ ልገዛ ገባሁ። የሌሊቱ ሠራተኛ ገና መድረሱ ነው። ጃኬቱን ሳያወልቅ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ባለሱቁን ያናግረዋል።

"ጋሼ፣ ሽጉጥ ልገዛ አስቤያለሁ። በሕጋዊ መንገድ ነው። ይዤው ብሠራ ቅር ይልዎታል?"

ልጁ ጉረኛ አይደለም። በዚያው ሳምንት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ሱቅ ተዘርፎ ነበር። እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ነው የሚቆመው። ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ታነባለህ። ሕጉ ምን ይላል?"

አገላብጬ ያገኘሁትን ነገርኩት። እየነገርኩት ሳለ ግን "ሕጉ ይፈቅዳል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ትንሹ እንደሆነ ገባኝ። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ፣ ጋዝ ስቴሽን፣ ሊከር ስቶር ወይም ሬስቶራንት ያለው አበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታልና፣ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ "መብቴ ነው" የሚለውን እናንሳ። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋሽንግተን ዲሲ ጉዳይ ላይ፣ ማንም ሰው ራሱን ለመከላከል ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ የማኖር ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው ብሎ ወሰነ። ከሳሹ ዲክ ሄለር ራሱ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ቀን ሽጉጥ ታጥቆ የፌዴራል ሕንፃ ይጠብቃል፤ ማታ ቤቱ እንዳይዝ የከተማው ሕግ ይከለክለዋል። በ2022 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ሕግ ሲሽር መብቱ ከቤት ውጭም ይሠራል አለ። ሜሪላንድ እስከዚያ ድረስ ፈቃድ የምትሰጠው "በቂ ምክንያት" ላቀረበ ብቻ ነበር። የቀን ሽያጩን ካሽ ይዞ ባንክ የሚሄድ ነጋዴ በዚያ ሰበብ ሲያገኝ፣ ተራው ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። አሁን ያ ቅድመ ሁኔታ የለም።

ስለዚህ ልጁ "መብቴ ነው" ቢል አልተሳሳተም። ግን ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው የመንግሥትን እጅ ነው። የባለሱቁን አይደለም።

በ2011 ሚሺጋን ውስጥ የሆነው ይህን ጥርት አድርጎ ያሳያል። የአንድ ትልቅ የፋርማሲ ሰንሰለት የሌሊት ፋርማሲስት የተደበቀ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ነበረው። ከንጋቱ በፊት ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎች ገቡ። ሽጉጡን አውጥቶ ተኮሰ። ማንም አልተጎዳም፤ ዘራፊዎቹም ሸሹ። ኩባንያው ግን "ከዘራፊ ጋር ግጭት አታባብስ" የሚለውን ደንብ ጠቅሶ አባረረው። ሰውየው ከሰሰ። በ2014 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኩባንያው ትክክል ነው አለ። ነፍሱን ያተረፈ ሰው ሥራውን አጣ ማለት ነው። ያሳዝናል፣ ሕጉ ግን እንዲያ ነው።

የባለቤቱ ሥልጣን በብዙ ግዛቶች የሚቆመው በሩ ላይ ነው። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያን የመሳሰሉ ግዛቶች ሠራተኛው መሣሪያውን በተቆለፈ መኪናው ውስጥ ትቶ ፓርኪንግ ላይ እንዲያቆም ይፈቅዳሉ፤ አሠሪው ይህን በአብዛኛው መከልከል አይችልም። ዳላስ ወይም አትላንታ ያላችሁ ባለሱቆች ሠራተኛችሁ መኪና ውስጥ ያለውን ነገር ለመጠየቅ ከመነሳታችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ እዩ።

አሁን ወደ ርዕሱ እንምጣ። ሽጉጡ የማን ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ የሱቁ ባለቤት በራሱ ሱቅ ውስጥ ሽጉጥ ሊይዝ ይችላል። ሽጉጥ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ለሠራተኛ ያስቀመጠው ልዩ ፈቃድ የሚሠራው የኃላፊነት ቦታ ላለው፣ ማለትም ሱፐርቫይዘር ለሆነ ሠራተኛ ነው፤ እሱም በሥራ ሰዓት፣ በሱቁ ውስጥ ብቻ፣ ባለቤቱ ወይም ማናጀሩ ሲፈቅድለት። ወተት የሚደረድረው፣ ሎተሪ የሚቆርጠው ልጅ እዚህ ውስጥ የለም። እሱ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ አሻራ መስጠትና የ16 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለ። ወዳጄ "እኔ ፈቀድኩለት እኮ!" ቢል ፖሊስ ፊት ምንም አይፈይድም።

መንገዱን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ ሌላ ነው። እዚያ ባለቤቱ በስሙ ያስመዘገበውን መሣሪያ በንግድ ቦታው ማኖር ይችላል። "በስሙ" የሚለውን አስምሩበት። የባለቤቱን ሽጉጥ ሠራተኛው ሲይዘው ነገሩ ይለወጣል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ደግሞ ሽጉጥን ሳይደብቁ ታጥቆ መሄድ በአብዛኛው ያለ ፈቃድም ይቻላል። በጥብቅ ሕጓ የምትታወቀው ካሊፎርኒያ በዚህ አንድ ነጥብ ትገርማለች፤ ባለቤቱ ለሥራው ጉዳይ የፈቀደለት ሠራተኛ በንግዱ ቦታ ውስጥ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ እንዲኖረው ሕጉ ይፈቅዳል። ከዲሲ ወደ አሌክሳንድሪያ በመኪና አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሕጋዊ የነበረው ወንጀል ይሆናል፣ ወንጀል የነበረውም ሕጋዊ። በሁለቱም በኩል ሱቅ ያላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሠራተኞቻቸውም አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ይሠራሉ።

የአሜሪካኖቹ ክርክር ጭራሽ የማያነሳው፣ ለእኛ ግን ዋናው የሆነ ነገር አለ። ወረቀት።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር (የአደን ፈቃድ አንዱ ነው)፣ አይችልም። ሕጋዊ መኖሪያ የሌለውም አይችልም። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ወርክ ፐርሚት ኖሮት በሕጋዊ መንገድ ሊሠራ ይችላል። ወርክ ፐርሚት ግን ስሙ እንደሚለው የሥራ ነው፤ ለብቻው የመሣሪያ መብት አይሰጥም። የተከለከለ ሰው መሣሪያ ይዞ ቢገኝ ቅጣቱ በፌዴራል ሕግ እስከ 15 ዓመት እስር ይደርሳል። ይህን እያወቀ፣ ወይም ሊያውቅ የሚገባው ሆኖ ሳለ መሣሪያውን ያስረከበ ሰውም ከዚያው ቅጣት አያመልጥም። እንግዲህ ከባንኮኒው ስር ያለውን ሽጉጥ እያሳየ "ችግር ከመጣ እዚህ ጋ አለልህ" የሚል ባለሱቅ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት።

ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን አይዝናና። ግሪን ካርድ ያዥ በመሣሪያ ሕግ ጥሰት ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ማንንም ሳይተኩስ፣ ማንንም ሳያስፈራራ። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ተገኝቶ መፈረዱ ብቻ በቂ ሊሆን ይችላል። ዜጋ የሆነው አሜሪካዊ ለዚያው ጥፋት ጥቂት ወር ታስሮ ወይም በፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ በክትትል) ወጥቶ ኑሮውን ይቀጥላል። የእኛው ልጅ ግን ፍርዱን ከጨረሰ በኋላ የኢሚግሬሽኑ ዳኛ ይጠብቀዋል።

ጫትም አለ። ሳቁ፣ ግን ቁም ነገር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ክልከላ ፍርድ ቤት ውስጥ ሙግት ሲነሳበት ቆይቷል፤ ቅጹ ላይ መዋሸት ግን ለብቻው ወንጀል ነው። ቅዳሜ ማታ እየቃመ እሑድ ጠዋት "የለም" ብሎ የሚፈርም ሰው ምን ላይ እንደፈረመ ይወቅ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሕግ ነው። አሁን ቃታ ወደሚሳብባቸው ሁለት ሰከንዶች።

ማርች 16፣ 1991። ሳውዝ ሴንትራል ሎስ አንጀለስ፣ ኮሪያውያን ስደተኞች የሚያስተዳድሩት የሊከር ሱቅ። የ15 ዓመቷ ላታሻ ሃርሊንስ ገብታ የብርቱካን ጭማቂ አነሳች። ዋጋው 1 ዶላር ከ79 ሳንቲም። ጀርባዋ ላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ ከተተችውና ወደ ባንኮኒው ሄደች። ሁለት ዶላር እጇ ላይ ነበር። ባንኮኒው ጋ የቆመችው ሱን ጃ ዱ እየሰረቀች መሰላት። ልብሷን ያዘቻት። ተያያዙ፣ ልጅቷም መታቻት። ከዚያ ልጅቷ ጭማቂውን ባንኮኒው ላይ ትታ ለመውጣት ዞረች። ሴትየዋ ከባንኮኒው ስር የነበረውን ሽጉጥ አንስታ ከኋላዋ ተኮሰች። ጥይቱ ጭንቅላቷን መታት። ፖሊስ ሲደርስ ብሩ እጇ ውስጥ ነበር።

የዱ ቤተሰብ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም። በወሮበሎች ዛቻና ዝርፊያ የተማረሩ፣ ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ስደተኞች ነበሩ። ሽጉጡ ለመከላከያ ነበር የተገዛው። የጁሪው አባላት በሰው መግደል ጥፋተኛ አሏት። ዳኛዋ ግን እስሩን አግዳ በፕሮቤሽን፣ በ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና በ500 ዶላር ቅጣት አሰናበተቻት። ከተማው ይህን አልረሳም። በ1992 ሎስ አንጀለስ ስትነድ ከ2,000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በአንዲት ሴት ጣት የተሳበው ቃታ አብዛኞቹ በስም እንኳ የማያውቋትን ሰዎች ሱቅ ሳይቀር ተከተለ። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከነክነኝ ጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፍተን የተቀመጥነው ዛሬ እኛም መሆናችን ነው።

የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉ፤ በ2023 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የአንድ ጋዝ ስቴሽን ሱቅ ባለቤት የ14 ዓመት ልጅ ውሃ ሰረቀ ብሎ ተከታትሎት ከጀርባው ተኩሶ ገደለው። የአካባቢው ሸሪፍ ልጁ ምንም እንዳልሰረቀ ተናገረ። ባለቤቱ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ።

ሁለቱም ጋ ሽጉጡ የተቀመጠው ለዘራፊ ነበር። የተተኮሰው ግን በውሃና በጭማቂ ጉዳይ ነው። የሱቅ ሠራተኛ በቀን ስንት ጊዜ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል? ስንት ሰው ይሰድበዋል? እውነተኛ ዘራፊ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ጭቅጭቁ በየቀኑ ነው። ሽጉጡም በየቀኑ እዚያው ነው።

እውነተኛው ዘራፊ ሲመጣስ? ካሸሩ ወደ ሽጉጡ እጁን ሲሰድድ ዘራፊው ቀድሞ አውጥቷል። ዘራፊው የመጣው ለካሽ ነው፤ 150 ዶላር ይዞ ሊሄድ ይችል የነበረ ሰው አሁን የሚያስበው ስለ ነፍሱ ነው። ዕቃ አንስቶ የሚሮጠውን ሌባ መተኮስማ በአብዛኛው ግዛት ራስን መከላከል አይባልም። ንብረት ለማስመለስ ሰው መግደልን ሕጉ አይፈቅድም፤ ቴክሳስ በሌሊት ለሚፈጸም ስርቆት የተለየ አንቀጽ አላት፣ እሱንም ጠበቃ ሳይዙ ባይሞክሩት ይሻላል።

ራሱን መከላከሉ በኋላ የሚታመንለት ሠራተኛም መጀመሪያ ይታሰራል። በጁላይ 2022 ማንሃተን ውስጥ አንድ የ61 ዓመት የቦዴጋ (የሰፈር ትንሽ ሱቅ) ሠራተኛ ባንኮኒው ውስጥ ገብቶ ያጠቃውን ሰው በቢላ ወግቶ ገደለ። ጠቡ የተነሳው በአንድ ከረጢት ቺፕስ ነው። ካሜራው ሁሉን ቀርጾታል። ያም ሆኖ በነፍስ ግድያ ተከሶ፣ የ250,000 ዶላር ዋስ ተጠይቆበት ራይከርስ ደሴት እስር ቤት ወረደ። ክሱ የተነሳለት ሕዝቡ ከጮኸ በኋላ ነው። ይህ በካሜራ የታየ፣ አገር ምድሩ ያዘነለት ሰው ነው።

ቁጥር ለሚፈልግ፦ በ2022 አሜሪካ ውስጥ 524 ሰዎች በሥራ ቦታቸው ተገድለዋል፣ በ2023 ደግሞ 458። ስለዚህ የልጁ ፍርሃት ተራ ፍርሃት አይደለም። በሌላ በኩል በ2005 የታተመ የኖርዝ ካሮላይና ጥናት ሠራተኛ መሣሪያ እንዲይዝ የፈቀዱ የሥራ ቦታዎችን ማንኛውንም መሣሪያ ከከለከሉት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የፈቀዱት ቦታዎች ሠራተኛ የመገደሉ ዕድል አምስት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ አደገኛ ሰፈር ያለ ሱቅ ነው መጀመሪያውኑ ሽጉጥ የሚፈቅደው ብሎ መከራከር ይቻላል። አጥኚዎቹ ያንን በስሌታቸው ለማጥራት ሞክረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ጠርቷል ብዬ ግን አልምልም። ቢሆንም ሽጉጡ ሠራተኛውን እንዳዳነ የሚያሳይ ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ኢንሹራንሱን ባጭሩ ልለፈው። ብዙ የአነስተኛ ንግድ ፖሊሲዎች ድብድብንና የመሣሪያ ጉዳትን አንሸፍንም የሚል አንቀጽ አላቸው። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሆኖ ላደረሰው ጉዳት ደግሞ አሠሪው ይከሰሳል፤ ሳታሠለጥን አስታጠቅኸው ተብሎም ይከሰሳል። ፖሊሲውን አውጥቶ የማያካትታቸውን ነገሮች የሚዘረዝረውን ገጽ ማንበብ ነው። በደማቅ አልተጻፈም።

አገር ቤት ባንክ በር ላይ ክላሽ ያነገተ ዘበኛ ይቆማል። ውስጥ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ግን ባዶ እጇን ናት። ብር የሚቆጥርና መሣሪያ የሚይዝ ሁለት ሰው ነው። እዚህ ያለችው ትንሽ ሱቅ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ላይ ትጭናለች፤ ለዚያውም ሌሊት፣ ብቻውን፣ በዝቅተኛ ደመወዝ። የኔ መልስ ስለዚህ አይሆንም ነው። ሠራተኛ ሽጉጥ አይያዝ።

ይህን ብሎ መሄድ ግን ነውር ነው። ልጁን "አትታጠቅ" ያለ ሰው ዕዳ ገብቷል። "አትታጠቅ፣ ብቻህንም ቁም" ማለት እኮ "ሙት" እንደማለት ነው። ፖሊስ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሌላ መንገድ ግን አለ፤ አዲስም አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የሰቨን ኢለቨን ሱቆች እናት ኩባንያ የቀድሞ ዘራፊ ቀጥሮ "ሱቅ ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?" ብሎ ጠይቋል። መልሱ ቀላል ነበር፦ ካሽ ይኑረው፣ ከውጭ አይታይ፣ ማምለጫ ይኑረው። እነዚህን ሦስቱን ማበላሸት ነው። ፍሎሪዳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሕግ አደረገችው። ሌሊት የሚሠሩ ትንንሽ ሱቆች ካሜራና ድምፅ የማያሰማ አላርም ይኑራቸው፤ ፓርኪንጉ ይብራ፤ ካሽ ወዲያው የሚጣልበት፣ ሠራተኛው የማይከፍተው ሴፍ ይኑር፤ በሩ ላይ "ካሽ ሬጂስተሩ ውስጥ ያለው ከ50 ዶላር አይበልጥም" የሚል ይለጠፍ አለች። በሩ ፍሬም ላይ ያለችውን የከፍታ መለኪያም አትርሱ። ወጥቶ የሚሮጠውን ሰው ቁመት ለማወቅ ናት። ሱቁ ውስጥ ከባድ ወንጀል ተፈጽሞ ከነበረ ደግሞ ማታ ከ11 እስከ ንጋት 5 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት) ሁለት ሠራተኛ፣ ወይም ጥበቃ፣ ወይም ጥይት የማይበሳው መስታወት፣ አለዚያ ገንዘብ መቀበያ መስኮት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስነግረው መስኮቱን ዞሮ አየው። ከላይ እስከ ታች በቢራና በሎተሪ ፖስተር ተሸፍኗል፤ ከውጭ ለሚያይ ባንኮኒው አይታይም። "ይሄን የለጠፉት አከፋፋዮቹ ናቸው እኮ" አለ። ቢሆንም በማግስቱ ቀዳደደው።

ሁለተኛ ሠራተኛ የሚለው ላይ ግን ሒሳቡ አልመጣለትም። የሎተሪ ወረቀት ገልብጦ ጀርባው ላይ ደመረ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሸጠው፣ ሲጋራውን ጨምሮ፣ የአንድ ሰው ደመወዝ ይሸፍናል። የሁለት አይሸፍንም። ብዕሩን አስቀመጠና ልጁን "ቀን ብትገባስ?" አለው። ልጁ ቀን ኡበር ይነዳል። ተከራከሩ፣ ሰዓት ተቀያየሩ፣ የሁለቱም ገቢ ትንሽ ቀነሰ።

አሁን ሱቁ በአሜሪካ ሰዓት ማታ 11 ላይ ይዘጋል። ልጁ ሽጉጡን ገዛ አልገዛ አልጠየቅኩትም። ባለፈው ሳምንት እንጀራ ልገዛ 11 ካለፈ በኋላ ደርሼ ተመልሻለሁ።